የስቴም ሴል ምርምር፦ ከተለወጠችው አይጥ ጎን ተራዋ አይጥ ለምን ትፈለጋለች?

"ሳይንቲስቶች ዘረ መሏ በተለወጠ አይጥ ላይ ባደረጉት ምርምር…" ብሎ የሚጀምር ዜና በየጊዜው ስልካችን ላይ ይመጣል። አንዴ ስለ ካንሰር ነው፣ አንዴ ስለ ስኳር በሽታ፣ አንዴ ስለ እርጅና። ጅማ ደግሞ የህክምና ተማሪ የሞላባት ከተማ ናት። ፈረንጅ አራዳም ሆነ አጂፕ ካፌ የተቀመጠ ሰው፣ ከጎኑ ካለው ጠረጴዛ ስለ ጂን (ዘረ መል ማለት ነው) እና ስለ ስቴም ሴል ሲወራ መስማቱ አይቀርም። ወሬው ግን ብዙ ጊዜ ስለ አንዷ አይጥ ብቻ ነው፤ ስለተለወጠችው። ዜናውም የሚያወራው ስለ እሷ ነው።

እንዲህ ያለ ምርምር ውስጥ ግን ሁሌም ሌላ አይጥ አለች። ዘረ መሏ ያልተነካ፣ ተራ አይጥ። ዜናው አያነሳትም። ውጤቱ የሚታመን መሆን አለመሆኑን የምትወስነው ግን በአብዛኛው እሷ ናት። ዛሬ ስለ ሁለቱም እናወራለን፤ በተለይ ስለተረሳችው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ስቴም ሴል የሚባለው ምንድን ነው?

ሰውነታችን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ሴሎች ሥራቸውን አንዴ ይዘዋል። የጡንቻ ሴል ጡንቻ ነው፣ የነርቭ ሴል ነርቭ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ዕድሜያቸው አጭር ነው። የሰው ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ሠርቶ ይሞታል። ታዲያ ደማችን የማያልቀው ለምንድን ነው? አጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ጥቂት ሴሎች ስላሉ ነው። እነሱ ሳያቋርጡ ተተኪ ያወጣሉ።

እነዚህ ሴሎች ሁለት ችሎታ አላቸው። አንደኛ፣ ሲከፈሉ ራሳቸውን የሚመስል ሴል ያስቀራሉ። በዚህ ምክንያት ዘራቸው አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ከእነሱ የሚወጡት ሌሎቹ ልጆች ወደ ተለያየ ዓይነት ሴል ያድጋሉ። ከመቅኔው ሴል ቀዩም ነጩም የደም ሴል ይወጣል። ሁለቱንም የሚችል ሴል ስቴም ሴል ይባላል። አንዱን ብቻ ከቻለ ስሙ አይገባውም። ይህን ያዙልኝ፤ ሴሎቹ ሲፈተኑ የሚለካው እነዚህ ሁለት ችሎታዎች ናቸው።

በ1961 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ጄምስ ቲልና ኧርነስት መካሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች መቅኔያቸው በጨረር ለሞተ አይጦች ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ መቅኔ ሰጧቸው። ከቀናት በኋላ አይጦቹ ጣፊያ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ወጡ። የእብጠቶቹ ቁጥር ከተሰጠው የሴል ብዛት ጋር አብሮ ይጨምር ነበር። እያንዳንዱ እብጠት ከአንድ ሴል የፈለቀ መሆኑ ከዚያ በኋላ በተከታታይ ሥራ ታየ። የደም ስቴም ሴል መኖሩ በተግባር የተረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው። አይጥ ከመጀመሪያው አንስቶ የዚህ ታሪክ አካል ናት ማለት ነው።

ሌሎችም የስቴም ሴል ዓይነቶች አሉ። በ1981 ማርቲን ኤቫንስና ማቲው ካውፍማን በእንግሊዝ፣ ጌይል ማርቲን ደግሞ በአሜሪካ ከአይጥ ጽንስ የሚወሰዱትን ሴሎች ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ቻሉ። እነዚህ ወደ ማንኛውም የሰውነት ሴል ማደግ ይችላሉ። በ2006 ሺንያ ያማናካና ባልደረባቸው ጃፓን ውስጥ ከአይጥ የተወሰደ ተራ ሴል ላይ 4 ዘረ መሎችን ጨምረው ጽንስ ላይ ወዳለው ዓይነት ሴል መለሱት። እኔ እዚህ የማተኩረው በመቅኔው ስቴም ሴል ላይ ነው። ንጽጽሩ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው።

ለምን አይጥ ሆነች?

በሦስት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፣ ቦታ አትፈጅም፣ አብዛኞቹ ዘረ መሎቿም ሰው ላይ አቻ አላቸው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የላብራቶሪ አይጥ እንደ ቤታችን አይጥ አይደለችም። ወንድምና እህት እያጋቡ ቢያንስ 20 ትውልድ ካራቡ በኋላ አይጦቹ እንደ መንትያ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራባት ጥቁሯ አይጥ፣ ሲ57 ብላክ 6 የምትባለው፣ ክላረንስ ኩክ ሊትል የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1921 ከጀመሩት እርባታ የመጣች ናት። በ2002 ሙሉ የዘረ መል ካርታዋ የወጣላትም እሷ ናት።

"ዘረ መሏ ተለወጠ" ሲባል ምን ተደርጎ ነው?

ዘረ መል ማለት ሴሉ አንድን ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚነግር ጽሑፍ ነው። አይጥም ሰውም ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች አሏቸው። አብዛኞቹ በሁለት ቅጂ ይመጣሉ፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት።

አንድ ዘረ መል ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ቀጥተኛው መንገድ እሱን አጥፍቶ የሚጎድለውን ማየት ነው። በዚህ መንገድ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አይጦች በ1989 ይፋ ሆኑ። አሠራሩ ረጅም ነበር። መጀመሪያ ከጽንስ የተወሰደ ስቴም ሴል ላይ ዘረ መሉ ይጠፋል። ከዚያ ሴሉ ወደ ሌላ አይጥ ጽንስ ይገባል። የምትወለደው አይጥ የሁለት ምንጭ ሴሎች ድብልቅ ናት፤ ጸጉሯ እንኳ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ከእሷ ልጆች መካከል ለውጡን የወረሱት ተመርጠው እንደገና ይራባሉ። ይህን መንገድ ላስገኙት ማሪዮ ካፔኪ፣ ማርቲን ኤቫንስና ኦሊቨር ስሚቲስ በ2007 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

በ2012 ክሪስፐር የተባለው የዘረ መል መቁረጫ መጣ። በማግስቱ ዓመት፣ በ2013፣ በእሱ አማካይነት ለውጡን በቀጥታ ጽንሱ ላይ አድርጎ አይጥ ማስወለድ ተቻለ። ድሮ ከዓመት በላይ የሚፈጀው ሥራ በወራት የሚያልቅ ሆነ።

ለውጥ ሁሉ ማጥፋት አይደለም። አንዳንዴ የሰው ዘረ መል ይጨመራል። አንዳንዴ ዘረ መሉ የሚጠፋው በአንድ ዓይነት ሴል ውስጥ ብቻ ነው፤ ደም የሚሠሩት ላይ ይጠፋል፣ ልብና ጉበት ላይ ግን ይቀራል። ይህ ዘዴ ትልቅ ጥቅም አለው። ያለ አንዳንድ ዘረ መል አይጧ ሳትወለድ ወይም እንደተወለደች ትሞታለችና።

ተራዋ አይጥ ምን ያህል ተራ ናት?

የሰፈራችን ልጅ፣ የላብራቶሪ ትምህርት የምትማር፣ "ጋሼ፣ ሁለቱም ጥቁር አይጥ ከሆኑ ልዩነታቸው ያው ጂኑ ብቻ አይደል እንዴ?" አለችኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን "እንዲያ እንዲሆን ብዙ መልፋት አለበት" የሚል ነው።

እዚህ ጅማ ሁላችንም በምናውቀው በቡና ላስረዳ። መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል አዲስ የቡና ዝርያ ከነባሩ ይሻል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል እንበል። አዲሱን ወንዝ ዳር ጥላ ሥር፣ ነባሩን ጉብታ ላይ ፀሐይ ላይ ቢተክል፣ አዲሱ ብዙ ፍሬ ቢሰጥ ምን ተማርን? ምንም። ዝርያው ነው ያፈራው ወይስ አፈሩ? የጥላው ዛፍ ነው ወይስ የውሃው? ለዚህ ነው ሁለቱ እዚያው ማሳ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዕድሜ ችግኝ፣ ጎን ለጎን የሚተከሉት። ነባሩ ቡና እዚያ የቆመው ለማድመቂያ አይደለም። እሱ ከሌለ የአዲሱ ፍሬ ቁጥር ምንም አይናገርም።

አይጥ ላይም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ምክንያቱም "ማሳው" አይጧ ውስጥ ጭምር አለ።

አንዱን ችግር ልንገራችሁ። ጥቁሯ አይጥ በዓለም ዙሪያ በተለያየ ቦታ ስትረባ ቆይታለች። አንዱ ቅርንጫፍ በ1951 ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሄደ፤ ሌላው ሜይን በተባለችው የአሜሪካ ግዛት ባለው በጃክሰን ላብራቶሪ ቀረ። ለየብቻ በረቡባቸው ትውልዶች ሁሉ ትናንሽ ለውጦች በራሳቸው ተጠራቀሙ። በጃክሰን በኩል ያለችው ኤንኤንቲ የሚባል ዘረ መሏ ጎድሏል፤ ይህ ሰውነቷ ስኳርን የሚያስተናግድበትን መንገድ ይነካል። በሌላ በኩል ያለችው ደግሞ የዓይን ሬቲናን የሚጎዳ ለውጥ ይዛለች። ሁለቱም "ሲ57 ብላክ 6" ይባላሉ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። በዓይን አይለዩም። አንድ ተመራማሪ የተለወጠችውን ከአንዱ ቅርንጫፍ ሠርቶ ተራዋን ከሌላው ቢገዛ፣ የሚያየው ልዩነት እሱ ከነካው ዘረ መል የመጣ ላይሆን ይችላል።

ሌላው ችግር በድሮው ዘዴ የተሠሩ አይጦች ላይ የሚታይ ነው። የጽንስ ስቴም ሴሎቹ ብዙ ጊዜ የሚወሰዱት 129 ከተባለ ሌላ ዝርያ ነበር። ለውጡ በኋላ በእርባታ ወደ ጥቁሯ አይጥ ይተላለፋል። ግን ብቻውን አይሄድም። አጠገቡ ያለው የ129 ዘረ መል አብሮት ይጓዛል፤ ትውልድ ቢቆጠርም ቅርብ የሆነው ቁራጭ በቀላሉ አይለቅም። ያ ተጓዥ ቁራጭ ራሱ በስቴም ሴሉ ላይ ተጽዕኖ ካለው ጥፋቱ ሌላ ላይ ይለጠፋል።

ከዘረ መል ውጭም ብዙ ነገር አለ። ስቴም ሴል ከዕድሜ ጋር ይለወጣል፤ ስለዚህ የሁለት ወር አይጥ ከዓመት አይጥ ጋር አትነጻጸርም። ጾታም ልዩነት ያመጣል። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ደም አሠራሩን ይነካሉ፤ እነሱ ደግሞ ከእናትና ከጎረቤት የሚወረሱ ናቸው። ከአንድ ድርጅት የተገዛችና ቤት ውስጥ የተወለደች አይጥ የተለያየ ባክቴሪያ ነው የሚኖራቸው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ተራዋን አይጥ ከሩቅ አለመፈለግ። እዚያው አንድ እናት ሆድ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ከሁለት ቅጂ አንዱ የተለወጠባቸው ወንድና ሴት ሲጋቡ፣ ከሚወለዱት አራት ልጆች በአማካይ አንዷ ሁለቱም ቅጂ የተለወጠባት ትሆናለች፣ ሁለቱ አንድ ቅጂ ብቻ የተለወጠባቸው፣ አንዷ ደግሞ ምንም ያልተነካች። አንድ እናት ያጠባቻቸው፣ አንድ ሳጥን ውስጥ ያደጉ፣ እኩያ እህትማማቾች ናቸው። ያልተነካችው እህት ከተለወጠችው ጋር ስትነጻጸር ከላይ የቆጠርኳቸው ችግሮች አብዛኞቹ ይወድቃሉ። አብሮ የሚጓዘው ቁራጭ ግን እዚህም አይጠፋም፤ ያ ሌላ ማረጋገጫ ይፈልጋል፣ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ይህ ብዙ ሥራ ነው። ስንት አይጥ ተወልዶ፣ ከእያንዳንዷ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ዘረ መሏ ተነብቦ፣ ከዚያ ነው ጥንዱ የሚገኘው። የተዘጋጀች አይጥ መግዛት በጣም ይቀላል። ለዚህ ነው ይህን የሠራ ጥናት ሳይ የማከብረው።

ሴሎቹ እንዴት ነው የሚነጻጸሩት?

የመጀመሪያው መንገድ መቁጠር ነው። ስቴም ሴሎች ላያቸው ላይ መለያ ፕሮቲኖች አሏቸው። እነዚህ ላይ የሚጣበቅና ቀለም ያለው ንጥረ ነገር ይጨመራል፤ ከዚያ ፍሎው ሳይቶሜትር የሚባል ማሽን ሴሎቹን አንድ በአንድ በጨረር ፊት እያሳለፈ ይቆጥራል። ሁለተኛው መንገድ ሴሎቹን ሳህን ላይ ማሳደግና ስንት መንጋ እንደሚያወጡ ማየት ነው።

ሁለቱም ይጠቅማሉ። ግን ሁለቱም ሊያታልሉ ይችላሉ። በ2003 ቢሚ-1 ስለሚባል ዘረ መል የወጣው ሥራ ይህን በደንብ ያሳያል። ተመራማሪዎች ይህ ዘረ መል የጠፋባቸውን የአይጥ ጽንሶች ጉበት መረመሩ፤ ጽንስ ላይ ደም የሚሠራው ጉበት ነውና። የስቴም ሴሉ ቁጥር ልክ እንደ ተራዎቹ ነበር። እዚያ ቢያቆሙ "ዘረ መሉ ለስቴም ሴል አያስፈልግም" ብለው ይጽፉ ነበር። ሴሎቹን ወደ ሌላ አይጥ ሲያዛውሩ ግን ለጥቂት ጊዜ ደም ሠርተው ደከሙ። ቁጥራቸው ሙሉ ነበር፤ ራሳቸውን መተካት ግን አልቻሉም። ከሁለቱ ችሎታዎች አንዱ ጎድሏል። ይህ በዓይንም በቆጠራም አይታይም። የሚታየው ሴሉ ሲሠራ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሚታመነው ፈተና ውድድር ነው። ዴቪድ ሃሪሰን የተባሉ ተመራማሪ በ1980 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። እንዲህ ነው የሚሠራው። ከተለወጠችው አይጥ መቅኔ ይወሰዳል። ከአንዲት ተራ አይጥም በእኩል ቁጥር ይወሰዳል። ሁለቱ ይቀላቀሉና የራሷ መቅኔ በጨረር ለሞተ ሦስተኛ አይጥ ይሰጣሉ። ባዶ ቤት ውስጥ ሁለት ቤተሰብ እኩል እንደማስገባት ነው። ከዚያ በኋላ የሦስተኛዋ አይጥ ደም ማን እንደሚሠራው ይታያል።

ማን የማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ነጭ የደም ሴሎች ላይ ሲዲ45 የሚባል ፕሮቲን አለ። በአይጦች ዘንድ ሁለት መልክ አለው፤ 45.1 እና 45.2። ሥራቸው አንድ ነው፣ ማሽኑ ግን ይለያቸዋል። የተለወጠችው 45.2 ከሆነች ተወዳዳሪዋ ከ45.1 ትመረጣለች። ከዚያ ጠብታ ደም ተወስዶ ከመቶ ስንቱ የማን እንደሆነ ይነበባል።

ንባቡ ብዙ ጊዜ እስከ 16 ሳምንት ይጠበቃል። ለምን ይህን ያህል? መቅኔ ውስጥ ስቴም ሴል ያልሆኑ፣ ግን ለጥቂት ሳምንታት ደም መሥራት የሚችሉ ሴሎች አሉ። በመጀመሪያው ወር የሚታየው ደም በአብዛኛው የእነሱ ነው። እነሱ ሲያልቁ የሚቀረው ደም የእውነተኛው ስቴም ሴል ሥራ ነው። ጠንቃቃ ተመራማሪ በዚህም አያበቃም። ከሦስተኛዋ አይጥ መቅኔ ወስዶ ወደ አራተኛ ያዛውራል። ራሱን የመተካት አቅሙ የደከመ ሴል እዚህ ላይ ይጋለጣል።

እዚህም ተራዋ አይጥ እንደገና ትመጣለች። 45.1 የሆነችው ተወዳዳሪ አይጥ ከ45.2ዋ የምትለየው በዚያ አንድ ፕሮቲን ብቻ አይደለም። ከሌላ ዝርያ የመጣ ትንሽ ቁራጭ አብሯት አለ፤ በውድድር ላይም ትንሽ ደከም እንደምትል ታይቷል። እንግዲህ የተለወጠችው አይጥ ሴሎች 45.1ዋን ቢያሸንፉ፣ "ለውጡ ስቴም ሴሉን አበረታ" ለማለት ይበቃል? አይበቃም። ያልተነካችው እህትም ከዚያችው 45.1 ጋር ለብቻዋ መወዳደር አለባት። እህቲቱም በዚያው መጠን ካሸነፈች፣ ለውጡ ምንም አላደረገም ማለት ነው።

ልዩነት ከተገኘ ነገሩ አለቀ?

ገና ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ችግሩ ሴሉ ነው ወይስ ሴሉ የሚኖርበት ቤት? ስቴም ሴል መቅኔ ውስጥ ብቻውን አይኖርም። ዙሪያው ያሉት ሴሎች ይመግቡታል፣ መቼ እንደሚከፈል ምልክት ይሰጡታል። የጠፋው ዘረ መል የሚሠራው በእነሱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። መለያው ዘዴ ቀላል ነው፤ ዝውውሩን መገልበጥ። ጤነኛ ስቴም ሴል ወደ ተለወጠችው አይጥ ይገባል። እዚያ ከደከመ ጥፋቱ የቤቱ ነው።

ሁለተኛ፣ የጠፋውን ዘረ መል ወደ ሴሉ መመለስ። ሲመለስ ሴሉ ካገገመ ጥርጣሬው ይቀንሳል። ከላይ ስለ ተጓዡ ቁራጭ ያልኩት ማረጋገጫ ይህ ነው። ጥፋቱ የቁራጩ ቢሆን ኖሮ ዘረ መሉን መመለስ ምንም አይፈይድም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስንት አይጥ? ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ነው። ከአንዲት አይጥ 1 ሚሊዮን ሴል ቢቆጠር የተጠናችው ያው አንዲት አይጥ ናት። ከአንድ ቡና ዛፍ አንድ ኩንታል ለቅሞ ስለ ዝርያው መናገር አይቻልም። ሴሎቹን የሚቆጥረው ሰውም የትኛዋ የተለወጠች እንደሆነች ባያውቅ ይመረጣል። ሰው የሚጠብቀውን ማየት ይወዳል።

ልዩነት ሳይገኝ ሲቀርስ? ያ ዘረ መል ሥራ ፈት ነው ማለት አይደለም። አንዱ ሲጎድል ሌላው ተመሳሳይ ዘረ መል ሥራውን ሊሸፍን ይችላል። ወይም ችግሩ የሚታየው አይጧ ስትታመም፣ ስትደማ ወይም ስታረጅ ብቻ ይሆናል።

ይሄ ሁሉ ለሰው ምን አመጣ?

በጣም የምወደው ምሳሌ ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ነው። የታማሚው ቀይ የደም ሴል ማጭድ መስሎ ይታጠፋል፣ የደም ሥር ይዘጋል፣ ከባድ ሕመም ያመጣል። ጥፋቱ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን በሚሠራው ዘረ መል ላይ ነው። ጽንስ ሳለን ግን የምንጠቀመው በሌላ ዓይነት ኦክስጅን ተሸካሚ ነው፤ ከተወለድን በኋላ እሱ ይዘጋል። ቢሲኤል11ኤ የተባለው ዘረ መል ዋናው ዘጊ ነው።

በ2011 ቦስተን የሚገኘው የስቱዋርት ኦርኪን ቡድን የሰውን ሲክል ሴል እንዲይዙ የተሠሩ አይጦች ላይ ይህን ዘጊ ቀይ የደም ሴል በሚሠሩት ሴሎች ውስጥ ብቻ አጠፋው። የጽንሱ ተሸካሚ ተመለሰ፣ በሽታውም ተስተካከለ። ዘጊውን ከመላ ሰውነት ማጥፋት ግን አይቻልም፤ እንዲህ የተደረጉ አይጦች እንደተወለዱ ይሞታሉ። በ2013 ዘረ መሉን በቀይ የደም ሴል መስመር ውስጥ ብቻ የሚያበራው ቁልፍ ተገኘ። በ2016 ደግሞ የተለወጡና ተራ አይጦች ስቴም ሴሎች ሲነጻጸሩ፣ ዘረ መሉ ሙሉ በሙሉ የጠፋባቸው ያረጁ የሚመስሉ፣ ደካማ ስቴም ሴሎች ሆነው ተገኙ። ዘረ መሉን ትቶ ቁልፉን ብቻ መንካት ለምን እንደሚሻል ከዚህ ይታያል።

በኅዳር 2023 እንግሊዝ፣ በታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ካስጄቪ የተባለውን ህክምና ፈቀዱ። ከታማሚው የራሱ የደም ስቴም ሴል ይወሰዳል፣ ያ ቁልፍ በክሪስፐር ይቆረጣል፣ ሴሉ ይመለስለታል። አሜሪካ ውስጥ የተተመነለት ዋጋ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። በሽታው በብዛት ያለው አፍሪካ ውስጥ ሆኖ ዋጋው እንዲህ መሆኑ ያሳዝነኛል።

አይጥ ላይ ከሠራ ሰው ላይ ይሠራል?

ሁልጊዜ አይሠራም። የአይጥ የጽንስ ስቴም ሴል ሳህን ላይ በዚያው ሁኔታ እንዲቆይ አንድ ዓይነት የእድገት ምልክት ይፈልጋል፤ ሊፍ ይባላል። በ1998 የሰው ጽንስ ስቴም ሴል ሲገኝ፣ ሊፍ ብቻውን ለሰው ሴል እንደማይበቃ ታወቀ። በአንድ ስም የሚጠሩ ሴሎች ናቸው፤ ፍላጎታቸው ግን ይለያያል።

ይህን የማነሳው በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ "ስቴም ሴል ስኳር ይፈውሳል፣ ጉልበት ያድሳል፣ ዓይን ያበራል" የሚሉ ማስታወቂያዎች ስለበዙ ነው። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ሴቶች ከራሳቸው ስብ የተወሰደ "ስቴም ሴል" ዓይናቸው ውስጥ ተወግተው ዓይናቸው መጎዳቱ በ2017 በህክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። እባካችሁ፣ ቤተሰብ ታሞ ውጭ አገር ለመውሰድ ገንዘብ ስታሰባስቡ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። የደም ስቴም ሴልን በመቅኔ ንቅለ ተከላ መስጠት የተረጋገጠ ህክምና ነው። ከዚያ ውጭ የሚሸጠው አብዛኛው ገና አልተረጋገጠም።

አይጦቹስ? አደጋ የለውም?

አይጦቹ ይሞታሉ፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። በ1959 ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች ያስቀመጡት መመሪያ ዛሬም ይሠራል፦ በሌላ ዘዴ መተካት ከተቻለ ተካ፣ ቁጥሩን ቀንስ፣ ስቃዩን አቅልል። በደንብ ያልታሰበበት ንጽጽር እዚህ ላይ ድርብ ጥፋት ነው። አይጦቹ ሞተው ምንም ሳይታወቅ ይቀራል።

የተለወጡ እንስሳትን በተመለከተ አገራችንም ሕግ አላት። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 በ2009 ወጥቶ በ2015 ተሻሽሏል።

እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ ምን ልጠይቅ?

ዜናው ላይ መልሱን አታገኙትም። ጥናቱን ፈልጉና "ዘዴ" የሚለውን ክፍል ክፈቱ። ብዙ አንባቢ የሚዘለው ክፍል ነው። ተራዎቹ አይጦች ከየት መጡ? ከተለወጡት ጋር አብረው የተወለዱ ናቸው ወይስ ተገዝተው የመጡ? ከተገዙ የትኛው ቅርንጫፍ ናቸው? ዕድሜና ጾታቸው ተጽፏል? ሴሎቹ ተቆጥረው ብቻ ነው ያለፉት ወይስ ወደ ሌላ አይጥ ተዛውረው ሥራቸው ታየ? ስንት ወር ተጠበቀ?

የተገዛች አይጥ ያለበት ጥናት ሁሉ ውድቅ ነው አልልም። ለአንዳንድ ጥያቄ ትበቃለች፣ በተለይ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ሲሆን። ልዩነቱ ጠባብ ከሆነና ስለ ተራዋ አይጥ አንድ መስመር ብቻ ከተጻፈ ግን፣ ሌላ ላብራቶሪ እስኪደግመው ጠብቁ።